የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ የአድሚራል ግሬስ ሆፐር የሕይወት ታሪክ

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር የተነገረው እህል ለሚሰፍር ሰው ነበር። ዛሬ ግን ይኸው አነጋገር በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ ለሚደምረውና ለሚቀንሰው መኪና ማለት ለኮምፒዩተር ይስማማል ብንል አንዳንድ አንባብያን ይገረሙ ይሆናል። ኮምፒዩተር አይደክምም፤ አይቸኩልምም ይባላል፤ እውነት ነው። የሚቸኩለው እርሱን የሚያዝዘው ሰው ነው። ሰው ቸኩሎ ያዘዘውን ስሕተት መኪናው ሳያመነታ ይፈጽመዋል፤ የፈሰሰውን የሚለቅመው ግን ሌላ ሰው፣ በሌላ ቀን፣ ብዙ ጊዜም በሌላ ስፍራ ነው።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ነገር ከማንም አስቀድመው ከተረዱት ሰዎች የአንዷን የሕይወት ታሪክ ለመተረክ አስበናል። እኚህ ሴት አሜሪካዊቷ የሒሳብ ሊቅና የባሕር ኃይል መኮንን ግሬስ ሆፐር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙባቸው ነገሮች ሁለት ነበሩ። አንደኛው፣ ተፈትኖ የተዘጋጀ ሥራ ካለ ሰው ያንኑ እንደ ገና ከመጻፍ ይልቅ ወስዶ በራሱ ሥራ ላይ እንዲገጥመው ነው። ሁለተኛው፣ የተገጠመው ሥራ ሳይፈተሽ እንዳይታመን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ሰባት ሰዓቶች

ግሬስ ብሩስተር መሬይ በኒው ዮርክ ከተማ ዲሴምበር 9 ቀን 1906 ዓ.ም. ተወለዱ። የ7 ዓመት ልጅ ሳሉ በቤተ ሰቦቻቸው የበጋ ማረፊያ ቤት የነበረውን ደወል ያለው ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ፈትተው በተኑት። መልሰው መግጠም ስላቃታቸው የውስጡን አሠራር ከሌላው ለማየት ሁለተኛውን ፈቱት፤ ከዚያም ሦስተኛውን። እናታቸው ነገሩን ሲደርሱበት 7 ሰዓቶች ተበታትነው ነበር። እናትየው ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዱን ሰዓት ብቻ እንዲፈቱ ፈቀዱላቸው እንጂ መፍታቱን ፈጽመው አልከለከሉም።

ይህን ታሪክ እንደ ልጅነት ጨዋታ ብቻ ማሳለፍ አይገባም። የተበላሸውን ለማወቅ ደኅናውን ከፍቶ ማስተያየት ዛሬም የፕሮግራም ጸሐፊዎች ዋና ዘዴ ነው፤ ወደ መጨረሻው እንደምንመለስበት።

በ1928 ዓ.ም. ከቫሳር ኮሌጅ በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ። በ1930 ዓ.ም. ከየል ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪ፣ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ የዶክተርነት ማዕርግ በሒሳብ ተቀበሉ። በ1930 ዓ.ም. ቪንሰንት ሆፐርን አግብተው በ1945 ዓ.ም. ተፋቱ፤ ስማቸው ግን እስከ መጨረሻው ሆፐር እንደ ሆነ ቀረ። ከ1931 ዓ.ም. ጀምሮ በቫሳር ኮሌጅ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር፤ ጦርነቱ ባይመጣ ኖሮ ምናልባት በዚያው በጸጥታ ይኖሩ ነበር።

አሜሪካ በ1941 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ዶክተር ሆፐር ባሕር ኃይል ልግባ ብለው አመለከቱ። ዕድሜያቸው ለወታደርነት የገፋ ነው ተባለ፤ ክብደታቸውም ደንቡ ከሚጠይቀው በ7 ኪሎ ያህል ያንስ ነበር። ነገር ግን አልተመለሱም። በልዩ ፈቃድ በ1943 ዓ.ም. ዲሴምበር ወር በተጠባባቂው ጦር ተመዘገቡ፤ ከመኮንኖች ትምህርት ቤትም በ1944 ዓ.ም. ከጓደኞቻቸው አንደኛ ሆነው ወጡ።

ራሱን የሚያቆም መኪና

መርከብ ላይ እሄዳለሁ ሲሉ የተላኩት ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በ1944 ዓ.ም. ጁላይ ወር በዚያ ሲደርሱ አለቃቸው ሃዋርድ ኤይከን ማርክ አንድ የተባለውን መኪና አሳዩአቸው። ርዝመቱ ከ15 ሜትር በላይ፣ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል ያህል፣ ክብደቱም 5 ቶን ገደማ ነበር። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚደምረው 3 ጊዜ ብቻ ሲሆን አንድ ማባዛት 6 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበት ነበር። ትእዛዙን የሚቀበለው ቀዳዳ በተበሳበት የወረቀት ጥቅል ነው። አንዲት ቀዳዳ ያለ ቦታዋ ከተበሳች ሒሳቡ ሁሉ ይበላሻል።

የሚሠራውም ሒሳብ የዋዛ አልነበረም። ለአዳዲስ የአውሮፕላን መቃወሚያ መድፎች የርቀት ሰንጠረዥ፣ ለሮኬቶች የጉዞ መሥመር፣ ፈንጂ ለሚጠርጉ መርከቦች መለኪያ ይወጣበት ነበር። ስሕተቱ በወረቀት ላይ የሚቀር ሳይሆን በባሕር ላይ ባሉ ወጣቶች ነፍስ የሚከፈል ዕዳ ነበር። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ መኪናው መቆሙ አይደለም፤ ሳይቆም ደኅና የሚመስል የተሳሳተ ቁጥር ማውጣቱ ነው።

በዚህ ምክንያት የማርክ አንድ ሰዎች በትእዛዙ ጥቅል ውስጥ ፍተሻ ይጨምሩ ነበር። ፍተሻው እንዲህ ነው፤ አንዱ ቁጥር በሁለት መንገድ ይሰላል፤ የሁለቱ ልዩነት ከተወሰነው መጠን ካለፈ መኪናው በዚያው ቅጽበት ይቆማል። ለምሳሌ የአንድ ማዕዘን ሳይንና ኮሳይን ከተሰላ በኋላ የሁለቱ ስኩዌር ድምር 1 ካልሆነ ከኋላ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ይህ ፍተሻ ጊዜ ይወስዳል፤ በሴኮንድ 3 ጊዜ ብቻ ለሚደምር መኪና ደግሞ ጊዜ እጅግ ውድ ነው። ቢሆንም መክፈሉ ይሻላል ብለው ወሰኑ፤ ምክንያቱም ስሕተት በተወለደበት ስፍራ ሲያዝ አንድ ቀዳዳ ማረም ይበቃል፤ ከ3 ቀን በኋላ ሲያዝ ግን የ3 ቀን ሥራ አብሮት ይጠፋል። ዶክተር ሆፐር ይህን ሁሉ በጽሑፍ አሰናድተው፣ ከ500 ገጽ የሚበልጠው የማርክ አንድ መመሪያ በ1946 ዓ.ም. ታተመ።

ስለ እርሳቸው በሰፊው የሚነገረውን የእሳት ራት ታሪክ እዚህ ላይ ማቃናት ይገባናል። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ዓ.ም. ማርክ ሁለት የተባለው ተከታይ መኪና ሲታወክ ሠራተኞቹ ከፍተው ቢያዩ በሪሌ ቁጥር 70 ውስጥ አንዲት የእሳት ራት ሞታ አገኙ። በመዝገቡም ላይ አጣብቀው፣ እውነተኛ ተባይ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው መሆኑን በቀልድ ጻፉበት። መዝገቡ ዛሬ በዋሺንግተን በብሔራዊ የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል። ብዙ ሰዎች የመኪናን ጉድለት በተባይ ስም የጠሩት፣ ራቷንም ያገኙት ግሬስ ሆፐር ናቸው ይላሉ፤ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ቃሉን እነ ኤዲሰን በ1870ዎቹ ዓመታት ይጠቀሙበት ነበር፤ ዶክተር ሆፐር ግን ታሪኩን በየአዳራሹ እየተናገሩ አሰራጩት። የፕሮግራምን ስሕተት ፈልጎ ማረም እስከ ዛሬ ዲበግ ማድረግ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ተባይ መልቀም እንደ ማለት ነው።

የሚቀዳ ሰውና የማይሳሳት ቀጂ

በ1949 ዓ.ም. ዶክተር ሆፐር በፊላደልፊያ ከተማ ኤከርትና ሞክሊ ወደ መሠረቱት የኮምፒዩተር ኩባንያ ገቡ። በዚያ የነበረው ባይናክ የተባለ መኪና የሚቆጥረው በስምንት መሠረት ነበር፤ ይኸውም 10 ተብሎ ሲጻፍ ስምንት ማለት ነው። እርሳቸውም ይህን አቆጣጠር በሚገባ ለመዱት። ከጊዜ በኋላ የባንክ ሒሳባቸው ለ3 ወር አልገጥም ቢላቸው የባንክ ሠራተኛ የሆነውን ወንድማቸውን አማከሩ። ወንድማቸው ደብተሩን መርምሮ እኅቱ አንዳንድ ጊዜ በስምንት መሠረት ስትቀንስ መቆየቷን አገኘ። የሒሳብ ዶክተርም ብትሆን ሰው ሰው ነው።

ከዚህ የበለጠ ያሳሰባቸው ግን ሌላ ነበር። በሃርቫርድ ሳሉ ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ የተፈተኑ ቁራጭ ሥራዎችን፣ እንደ ሳይን ማስያ ያሉትን፣ በየደብተራቸው ጽፈው ይዋዋሱ ነበር። አንዱ የጓደኛውን ቁራጭ ወስዶ በራሱ ፕሮግራም ውስጥ በእጁ ይገለብጠዋል። ቁራጩ በመጀመሪያው ደብተር ከቁጥር 1 የሚጀምር ከሆነ በአዲሱ ፕሮግራም ግን ከቁጥር 200 ሊጀምር ይችላል፤ ስለዚህ በውስጡ ያለውን አድራሻ ሁሉ አንድ በአንድ መደመር ያስፈልጋል። ዶክተር ሆፐር እንዳስተዋሉት ፕሮግራም ጸሐፊዎች መገልበጥም መደመርም አይችሉበትም ነበር። ቁራጩ ደኅና ነው፤ ተቀባዩም ደኅና ነው፤ ስሕተቱ የሚወለደው በመጋጠሚያው ላይ ነው።

መገልበጥና መደመርማ የመኪና ሥራ አይደለምን? ስለዚህ ከ1951 እስከ 1952 ዓ.ም. ኤ ዜሮ የተባለውን ፕሮግራም ሠሩ። የተፈተኑት ቁራጮች ሁሉ ቁጥር ተሰጥቷቸው በመግነጢስ ጥቅል ላይ ይቀመጣሉ፤ ጸሐፊው የሚፈልገውን ቁራጭ በቁጥሩ ይጠራል፤ መኪናው ራሱ ፈልጎ ያመጣል፣ ይገለብጣል፣ አድራሻውን ይደምራል፣ ያጋጥማል። ይህንንም ኮምፓይለር ብለው ጠሩት።

በመካከሉ አንድ እንቅፋት ገጠማቸው። መኪናው ፕሮግራሙን ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ ሲያዘጋጅ ገና ወዳልደረሰበት ቁራጭ ዝለል የሚል ትእዛዝ ቢያገኝ የዚያን አድራሻ ከየት ያውቀዋል? ዶክተር ሆፐር መልሱን ያገኙት በኮሌጅ ሳሉ ይጫወቱት ከነበረው የቅርጫት ኳስ ነው። ተጫዋች ወደ ቅርጫቱ መድረስ ሲያቅተው ኳሱን ለጓደኛው ያቀብላል፤ ጓደኛውም ሮጦ ያገባል። እንዲሁ መኪናው በመጀመሪያ ከማኅደሩ መጨረሻ ወደ ተለየ ጥግ እንዲዘል አደረጉ፤ የቁራጩ ቦታ በታወቀ ጊዜ በዚያ ጥግ ላይ ወደ ቁራጩ የሚያደርስ ሁለተኛ ዝላይ ይጻፋል።

ይህን ሥራ በ1952 ዓ.ም. ሜይ ወር በፒትስበርግ ከተማ በተደረገ ስብሰባ ላይ አቀረቡ። ነገር ግን ብዙ ሰዎች ኮምፒዩተር ሒሳብ ይሠራል እንጂ ፕሮግራም ሊያዘጋጅ አይችልም እያሉ አላመኗቸውም ነበር።

እርሳቸው ግን ይባስ ብለው መኪናው ትእዛዝን በእንግሊዝኛ ቃል ይቀበል አሉ። ከዚህ ሐሳብ ፍሎው ማቲክ የተባለው ቋንቋ ተወለደ። ለአለቆቻቸው ባሳዩበት ጊዜ ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላት ጭምር አሠርተው አሳዩአቸው። አለቆቹ ግን ደነገጡ፤ በአሜሪካ የተሠራ መኪና እንዴት ፈረንሳይኛ ያውቃል ብለው ነገሩን ተቃወሙት። በመጨረሻ እንግሊዝኛ ብቻ እንደሚሆን ቃል ገብተው ነው ሥራቸውን ያዳኑት። ለመኪናው ግን ቃል ሁሉ ምልክት ነው፤ የትኛውም ምልክት ከትእዛዙ ጋር አንድ ጊዜ ከተገናኘ ይበቃዋል። ለእኛ በራሳችን ፊደል ለምንጽፍ ይህ ትንሽ ትምህርት አይደለም።

አንድ ቋንቋ፣ ብዙ መኪና

በ1959 ዓ.ም. የመንግሥትና የኩባንያዎች ሰዎች ተሰብስበው በማናቸውም መኪና ላይ የሚሠራ የጋራ የንግድ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ወሰኑ። ዶክተር ሆፐር አማካሪ ሆኑ፤ ኮቦል ተብሎ የወጣውም ቋንቋ ብዙውን ነገር የወረሰው ከፍሎው ማቲክ ነው። በ1960 ዓ.ም. ዲሴምበር ወር አንድ ዓይነት የኮቦል ፕሮግራም በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች መኪናዎች ላይ ሠርቶ ታየ።

በ1966 ዓ.ም. መጨረሻ ባሕር ኃይል በዕድሜ ምክንያት ጡረታ አወጣቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ በ1967 ዓ.ም. ለ6 ወር ብቻ ያገልግሉን ተብለው ተጠሩ፤ 6 ወሩም 19 ዓመት ሆነ። የተጠሩበት ጉዳይ እንዲህ ነበር። ኮቦል በስሙ አንድ ቋንቋ ቢሆንም እያንዳንዱ ኩባንያ የሠራው ኮምፓይለር በየራሱ መንገድ ይረዳው ጀመር። በአንዱ መኪና ደኅና የነበረው ፕሮግራም በሌላው ይሰናከላል። ዶክተር ሆፐርና ባልደረቦቻቸው ኮምፓይለሮቹን የሚፈትኑ ፕሮግራሞች አዘጋጁ። ኮምፓይለሩ ፈተናውን ሲያልፍ ነው እንጂ ሻጩ ስለማለ አይታመንም። የአንድን ዕቃ ጥራት የሠሪው ቃል ሳይሆን ፈተና ይመስክርለት የሚለው ሥርዓት በዚህ ሥራ ጸና።

ፍተሻ የወረሰው ዘመን

ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ታሪክ ነው የሚል ተማሪ ቢኖር ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚማረውን ፓይተን የተባለውን ቋንቋ ይመልከት። ኮምፓይለር መጽሐፍን አስቀድሞ ተርጉሞ እንደሚያሳትም ሰው ነው፤ ፓይተን ግን ኢንተርፕሬተር ይጠቀማል፤ ይህም በችሎት ፊት ቆሞ ቃል በቃል እንደሚያስተረጉም አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚ ምቹ ነው፤ ግን ዝግ ይላል። ስለዚህ ከባዱ ሒሳብ ሲ በተባለው ቋንቋ ተጽፎ አስቀድሞ በኮምፓይለር ለተዘጋጀ ቁራጭ ይሰጣል። ይህ ቁራጭ ኤክስቴንሽን ይባላል፤ ነምፓይ የተባለው የቁጥር መሣሪያ አንዱ ነው። እነሆ የዶክተር ሆፐር ጥሪ፤ የተዘጋጀ ቁራጭ በስሙ ተጠርቶ ይገጠማል። ስሕተቱም እንደ ጥንቱ በመጋጠሚያው ላይ ይወለዳል።

እንዴት ቢሉ፣ ፓይተን እያንዳንዱን ዕቃ ስንት ተጠቃሚ እንደ ያዘው ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን የማኅደሩን ቦታ ለሌላ ይሰጣል። ኤክስቴንሽኑ ግን ቆጠራውን በጸሐፊው እጅ ማካሄድ አለበት። ጸሐፊው ያልያዘውን ዕቃ እንደ መለሰ ቢቆጥር ዕቃው ሌላ ሰው እየሠራበት ሳለ ይወገዳል። ነገሩ ሞዴል 22 ሳይቆረጥ ከንብረት ክፍል እንደ ወጣ ዕቃ ነው። ጉድለቱ የሚታየው ዕቃው በወጣበት ቀን ሳይሆን በዓመቱ ቆጠራ ነው፤ የሚጠየቀውም ብዙ ጊዜ ያጎደለው ሳይሆን በዚያን ዕለት መጋዘኑን የተረከበው ነው። እንዲሁ ፕሮግራሙ የሚወድቀው ከጥፋቱ እጅግ ርቆ በንጹሕ ስፍራ ላይ ነው።

ለዚህ የተበጀው መድኃኒት ያንኑ ኢንተርፕሬተር በሁለት ዓይነት ማዘጋጀት ነው። አንደኛው ለዕለት ሥራ የሚሆነው ፈጣኑ ነው። ሁለተኛው የዲበግ ቅጂ ይባላል፤ ከአንድ ጽሑፍ ይሠራል፤ ነገር ግን በየእርምጃው ይፈትሻል። የተለቀቀውን ቦታ በታወቀ ምልክት ይሞላዋል፤ ዘግይቶ የመጣ ተጠቃሚ የሞተውን ዕቃ ሕያው መስሎት እንዳይታለል ነው። ከእያንዳንዱ ቦታ ግራና ቀኝ አጥር ያኖራል፤ አጥሩ ከተነካ ተጠቃሚው ከድርሻው አልፏል ማለት ነው። ቆጠራው ከዜሮ በታች ከወረደ እንደ ማርክ አንድ በዚያው ይቆምና ይናገራል። ከፈጣኑ ይልቅ ይዘገያል፤ መዘግየቱ ግን የፍተሻ ዋጋ ነው።

ነገር ግን አንድ ችግር ነበር። በዲበግ ቅጂው ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ ለፍተሻ የሚሆን ተጨማሪ መዝገብ ስለሚሸከም ስፋቱ ይለወጥ ነበር። ለፈጣኑ የተዘጋጀ ኤክስቴንሽን ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነው ያለውን በአምስተኛው ያገኘዋል፤ ልክ በሃርቫርድ ደብተሮች እንደ ነበረው የአድራሻ ስሕተት። ስለዚህ አንድን ጥፋት ለመፈለግ የተገጠመውን ኤክስቴንሽን ሁሉ እንደ ገና ማዘጋጀት ግድ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ፍተሻውን ይተወው ነበር። በ2019 ዓ.ም. የወጣው ፓይተን 3.8 ያን ተጨማሪ መዝገብ ከተለመደው የዲበግ ቅጂ አስወገደው። ከዚያ ወዲህ እንደ ሊኑክስ ባሉ ሥርዓቶች ኤክስቴንሽኖቹ ሳይነኩ ኢንተርፕሬተሩን ብቻ መለወጥ ይቻላል፤ በዊንዶውስ ግን ለየብቻ ማዘጋጀቱ አልቀረም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ ኤክስቴንሽኑ ራሱ በውስጡ ያሉትን ፍተሻዎች እንዲያካሂድ ከተፈለገ እርሱም ለዲበግ ተብሎ እንደ ገና መዘጋጀት ይኖርበታል።

ከዚህ በላይ ያነሣነውን የሰዓቶቹን ነገር እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። አንድን ፕሮግራም በፈጣኑና በፈታሹ አሠርቶ ማስተያየት፣ የተበላሸውን ሰዓት ከደኅናው ጋር አጠገብ ለአጠገብ ማየት ነው። ይህን ዘዴ ዶክተር ሆፐር አልፈጠሩትም፤ ፓይተንም ለሕዝብ የወጣው በ1991 ዓ.ም.፣ እርሳቸው ከማረፋቸው አንድ ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። መንገዱ ግን እነ እርሳቸው የጠረጉት ነው።

የመጨረሻ ዘመናቸው

ዶክተር ሆፐር ፍጥነትን የሚንቁ ሰው አልነበሩም። በየስብሰባው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሽቦ ለአድማጮቻቸው ያድሉ ነበር፤ ብርሃን በአንድ ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ውስጥ የሚሄደው ይህን ያህል ነው፤ ጊዜ ሲባክን ምን እንደሚባክን እወቁ ለማለት ነው። በቢሮአቸውም ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት ሰቅለው ነበር፤ ልማድ ሕግ እንዳልሆነ እንዲያሳስብ።

ኦገስት 14 ቀን 1986 ዓ.ም. በ79 ዓመታቸው በአድሚራልነት ማዕርግ፣ በቦስተን ወደብ በቆመችው ኮንስቲቲውሽን በተባለችው ጥንታዊት መርከብ ላይ ተሰናበቱ። በዚያን ጊዜ በባሕር ኃይሉ በሥራ ላይ ካሉት መኮንኖች በዕድሜ የሚበልጣቸው አልነበረም። ጃኑዋሪ 1 ቀን 1992 ዓ.ም. አርፈው በአርሊንግተን የጀግኖች መካነ መቃብር ተቀበሩ። በ1997 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራች የጦር መርከብ አገልግሎት ጀመረች፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚደንት የነጻነት ሜዳይ ተሰጣቸው።

ከዚህ ታሪክ ወጣቱ ተማሪና አዲሱ ሹም አንድ ነገር ቢይዝ እንወዳለን። ሥራውን ከሌላ ሰው ሥራ ጋር ሳያጋጥም የሚኖር ሰው የለም። ሰንጠረዡን ከአንዱ ክፍል፣ ቁጥሩን ከሌላው፣ ፕሮግራሙን ከባሕር ማዶ ይቀበላል። መቀበሉ ጥበብ ነው፤ ሁሉን ራሴ ልጻፍ የሚል ዕድሜውን ይጨርሳል። ነገር ግን የተቀበለውን በገጠመበት ስፍራ፣ በገጠመበት ቀን ይፈትሽ። ፍተሻ ያለበት ሥራ ዛሬ አንድ ሰዓት ይዘገያል፤ ፍተሻ የሌለበት ግን ነገ ለቃሚ ይፈልጋል፤ ለቃሚውም ምንም ያላጠፋ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።